አበልጃችን ያመጣው ካሚዮን

ከምጥዋ ወደብ አሮጌ መኪና ላስመጣ የሚል የጎንደር ነጋዴ ሁሉ ዛሬ ዛሬ ደጄን ሳይረግጥ አያልፍም። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር አቧራው የታጠበ ልብስ እንደሚያበላሽ ብቻ ነው። ግን ይመጣሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ይቀመጡና «እትዬ አየለች፣ እስቲ ያንን የእናንተን ጉዳይ ይንገሩን» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ግማሾቹ ስቀው ይሄዱና ልክ ባሌ ያደረገውን አድርገው ይመለሳሉ። ስለዚህ ታክቶኛል። አንድ ጊዜ ከሥር ከመሠረቱ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ባሌ አለነ ሲራራ ነጋዴ ነው። ከሳንጃ ሰሊጥ በበቅሎ እየጫነ ጎንደር ያወጣል፣ ከጎንደር ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይወርዳል። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለውን ባለ ቆርቆሮ ቤታችንን የሠሩልን በቅሎዎቹ ናቸው ብል አላበልኩም። ልጅ ከመውለዳችን በፊት ዳልቻ የምንላትን በቅሎ ነበር እንደ ልጅ የምናቆላምጣት።

አለነ በቅሎ ሲገዛ ማየት ነው። ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፣ ያያል፣ ሳይገዛ ይመለሳል። በሳምንቱ እንደገና ይሄድና ከንፈሯን ገልብጦ ጥርሷን ያያል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ያሸታል፤ ጀርባዋን በመዳፉ እየተጫነ ከጠጉሩ ሥር የተደበቀ ቁስል እንዳለ ይፈትሻል። የት እንዳደገች፣ ማን እንደጫናት፣ ምን እንደምትፈራ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጭኖ ቁልቁለት ያወርዳታል። ቁልቁለቱን በምንም አይተውም፤ ዳገትማ ሁሉም እየጎተተ ይወጣል፣ የጉልበት ሕመም የሚታየው ሲወረድ ነው ይላል። ወርዳ ካስደሰተችው ደግሞ ሻጩን «በል ዋስ ጥራ» ይለዋል። የታወቀ ሰው ዋስ ሳይቆምለት ሳንቲም አይሰጥም። እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አልመረመረም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ካሚዮን በፎቶግራፍ የገዛው።

ዳኛው የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ በደብራችን ሲቀድሱ የኖሩ ቄስ ነበሩ። እሱ ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ አስመራ ገባና፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ አሮጌ መኪና ገዥና ሻጭ የሚያገናኝ ደላላ ሆነ። በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለደብሩ ንግሥ ሲመጣ ካፖርት ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ ነበር። ለምሳ ቤታችን ጠራነው። ሲበላ ዋለና ከቦርሳው አንድ ፎቶግራፍ መዘዘ። ትልቅ ካሚዮን ቆሟል፤ አጠገቡ ረጅም ጥቁር ቀሚስ የለበሰ የፈረንጅ ቄስ ፈገግ ብሏል።

«ማኪናው የኒህ ቄስ ነው» አለ። «ጣሊያን አገር፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ብቻ ነው የሚነዱት። እንደ አዲስ ነው።»

«በካሚዮን?» አልኩ።

«አዎን።»

«ምን ጭነው?»

አለነ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ዓይኑ ከፎቶግራፉ አልተነቀለም። ከሳንጃ የሚያወጣውን ሰሊጥ ራሱ አስመራ ድረስ አድርሶ ሲሸጥ፣ የአስመራ ነጋዴዎች ደጃቸው ላይ ሲቀበሉት በዓይነ ኅሊናው እያየ ነበር። ነገሩ ሕልም ብቻ አይደለም፤ መኪና ያላቸው ሰዎች ያን ጊዜ እኛን ጥለውን መሄድ ጀምረው ነበር። እሱን አልክድም። እኔም መኪና አልጠላሁም። የጠላሁት የሚሸጠውን ሰው አነጋገር ነው።

ያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ልጃችን ክርስትና ሊነሣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ክርስትና የሚያነሣልን ፋንታሁን የሚባል የሳንጃ ሰው፣ አለነ በረሃ ለበረሃ አብሮት የተንከራተተ ባልንጀራው እንዲሆን ከተነጋገርን ቆይተናል። ዳኛው ይህን ሰማና እኔ ላንሣው አለ። አለነ ዓይኑን አላሸም። ለፋንታሁን ምን እንደነገረው አላውቅም፤ ፋንታሁን ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤታችንን አልረገጠም።

በአርባ ቀኑ ወሰድነው። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል አጠመቁት፣ ስሙን ኃይለ ማርያም አሉት፤ እኛ ማሩ እንለዋለን። ዳኛው ከብር የተሠራ መስቀል በሐር ማተብ አሰረለት። ልጁን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። የራሱ ልጅ የለውም፤ ሚስቱ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ቀርታለች። ዓይኑ እንባ ሲሞላ እኔም ሆዴ ባባ፣ ክፉ ሰው አይደለም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አፋችን ተለጎመ። አበልጅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አበልጅ አይከሰስም፣ አይጠረጠርም፣ ፊቱን ካላዞረ በቀር ክፉ አይነገረውም። አለነም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የስንት ዘመን የሰሊጥ ትርፍ፣ የካሚዮኑን ዋጋ እኩሌታ፣ ያለ እማኝ ያለ ወረቀት በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠው። የቀረው ካሚዮኑ ሲመጣ ሊከፈል ነው።

«ዋሱ ማነው?» አልኩት ማታ።

«ምነው አንቺ፣ ልጃችንን ያነሣ ሰው ዋስ ይጠራል?»

«ልጁን ነው ያነሣው። ማኪናውን አላነሣው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ለዳልቻ ሦስት ዋስ ጠርተህ የለም ወይ?»

«ዳልቻን የሸጠልኝ ሰው አበልጄ አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መልእክት ብቻ ሆነ። በአውቶቡስ የመጣ ሰው፣ ካሚዮኑ መርከብ ላይ ተጭኗል ይለናል። ሌላው ምጥዋ ደርሷል ይላል። ሦስተኛው ጉምሩክ ይዞታል፣ ለማስለቀቂያ ላኩ ይላል። አለነ ይልካል። ክረምቱ በዚህ አለቀ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ፒያሳ በጡሩንባ ተናወጠ። ወጣሁ። ዳኛው ራሱ መሪውን ይዞ፣ ሰማያዊ ካሚዮን ደጃችን ላይ አቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ሴቱ እልል አለ። ቆንጆ ነበር፣ ያብለጨልጫል። ተጠግቼ በእጄ ዳበስኩት፤ ወደ ቤት ስገባ የነጠላዬ ጥለት ሰማያዊ ሆኗል። ከጣሊያን አገር ባሕር ተሻግሮ፣ ምጥዋ ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲመጣ ቀለሙ አልደረቀም ማለት ነው።

ፎቶግራፉን ከሣጥን አወጣሁና ተመልሼ ሄድኩ።

«አበልጄ፣ እዚህ ላይ የኋላ ጎማው ጥንድ ጥንድ ነው» አልኩት። «ይኼ ነጠላ ነው።»

ዳኛው ሳቀ። «አበልጄ፣ ፎቶው የተነሣው እኮ በፊት ነው።»

«ከምኑ በፊት?»

«ሰውን ደጅ አቁሞ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?» አለ አለነ። «ግቡ፣ ግቡ፤ ውኃ አምጪ።»

ባሌ ካሚዮኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። እንደ በቅሎ ጎኑን መታ መታ አደረገው። አልተንበረከከም፣ ከሥሩ አላየም፣ የሞተሩን ክዳን ክፈትልኝ አላለም። የበቅሎ ከንፈር ሲገለብጥ የኖረ ሰው! የጣሊያን የመኪና ማደሻ የነበረው አውቶፓርኮ እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ከጣሊያን ጋር ሲሠሩ የኖሩ መካኒኮች ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሥራ ይጠብቃሉ። እነሱ ይዩት አልኩት።

«የአበልጄን ዕቃ በመካኒክ ላስፈትሽ?» አለ። «ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል?»

«ታዲያ ለበቅሎ ሻጭ ሁሉ ሌባ ነህ ስትል ነው የኖርኸው?»

 ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ አባ ወልደ ገብርኤልን አስከትሎ ነው፤ ካሚዮኑ ጸበል ይረጭ ብሎ። አባም ረጩት፣ ጸለዩለት፣ ጎማውንም በመስቀላቸው ባረኩት። እኔ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸውና የሆዴን ዘረገፍኩላቸው። ቀለሙን ነገርኳቸው፣ ጎማውን ነገርኳቸው። ቅዳሜ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ለመክፈል በቅሎዎቹን በሙሉ፣ ዳልቻንም ጨምሮ፣ ሊሸጥ መሆኑን ነገርኳቸው። በቅሎዎቹ ሄደው ካሚዮኑ እንቢ ቢል እኛ ምን ይዘን እንቀራለን?

 «ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ተቸግሬአለሁ» አሉ አባ። «ሕፃኑን ከውኃው አውጥቼ ለሰውየው የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። አሁን ምን ብዬ ልጠርጥረው? ክርስትና ያስራል።»

በጣም ተናድጄ የእንጀራ ቤቱን በር አላጋሁት። ሁላችንንም አስሮናል፤ ባሌን፣ ቄሱን፣ እኔን። ሰውየው ብቻ ተፈትቶ ይሄዳል። እንዲህ እያልኩ ስብሰለሰል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የሚያስር ከሆነማ እሱንም ይሰረው አልኩ።

ሐሙስ ለምሳ አባንም ዳኛውንም ጠራሁ። ዶሮ ሠራሁ፣ ጠላውን አጠለልኩ፣ እንደ ደግ ሴት ቆሜ አስተናገድኩ። አለነ፣ ተመስገን ልብ ገዛች ብሎ ፊቱ በራ። ምሳው ሲጋመስ ማሩን አቅፌ መጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አበልጄ፣ እሑድ ወደ አስመራ ይመለሳሉ አይደል?»

«እግዜር ቢል።»

«እንግዲያው በካሚዮኑ ይሂዱ። ቤት ያለውን ሰሊጥ ይጫኑልን፣ ለአለነ የመጀመሪያ ገበያው ይሆናል። እኔንና ልጅዎን ደግሞ መንገድዎ ነውና አዲ አርቃይ ያውርዱን። እናቴ የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ አላየችውም።»

አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ ግርጌ ነው። መንገዱን ያላየ ሰው ካለ፣ ከደባርቅ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንዱ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ደመና ነው። ጣሊያን የሠራው ነው፣ ብዙ ካሚዮንም በልቷል።

ዳኛው የጠቀለለውን እንጀራ ወደ አፉ ሳያደርስ ያዘው።

«ልጁ ገና ነው» አለ።

«ኮሶዬ ድረስ በበቅሎ ወስጄው መጥቻለሁ።»

«ደባርቅ ይበርዳል።»

«ጋቢ አለኝ።»

«አቧራውስ?»

«ፊቱን እሸፍነዋለሁ።»

«ሸጋ ሐሳብ ነው» አሉ አባ ወልደ ገብርኤል። ነገሩ እንደገባቸው ከዓይናቸው አየሁ። «የክርስትና አባት ልጁን ለአያቱ ቢያደርስ ወግ ነው። አይደለም፣ አለነ?»

«እንዴታ» አለ አለነ፤ እሱ ምንም አልገባውም፣ ደስ ብሎታል።

«እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አለ ዳኛው።

«የራስዎ ካሚዮን ቆሞ?»

«አውቶቡሱ ይሻላል። ቸኩያለሁ።»

«በካሚዮን ነው እኮ የመጡት።»

«ስመጣ… ስመጣ ሌላ ነው።»

ልብሱ ላይ መረቅ ፈሶበታል፣ አላየውም። ማሩን እያየ ነበር። ማሩ ደግሞ የታደለ ልጅ ነው፣ የመስቀሉን ማተብ አፉ ውስጥ ከትቶ ሳቀለት።

«እሺ ልጁ ይቅር» አልኩ። «እኔም ልቅር። አለነ ብቻውን ከአንቱ ጋር ይውረድ።»

«አለነ ቆይቶ ከሾፌሩ ጋር ይውረድ» አለ ቶሎ ብሎ። «ከአስመራ ሾፌር እልክላችኋለሁ። ከሾፌሩ ጋር ይወርዳል። ልጁን ግን…» ቆመ። የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሞሰቡ ላይ አስቀመጠ። «ልጁን ግን እንዳታሳፍሩት። አደራ። መቼም እንዳታሳፍሩት።»

 አባ መስቀላቸውን ጨበጡ። አለነ አበልጁን ቀና ብሎ አየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ፣ የተጫነች በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ ጉልበቷን የሚያይበት ነው። ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት አስተያየት ነው፣ መጣ፣ ግን ደስ አላለኝም።

«እኔስ፣ አበልጄ?» አለው።

ዳኛው ከሞሰቡ ላይ ፍርፋሪ መልቀም ያዘ።

«እኔስ?» አለ አለነ ድጋሚ፣ ድምፁን ሳያነሣ። ከዚያ እጁን ታጠበና ተነሣ። «ልጄን የሰጠሁዎ እንዲጠብቁልኝ ነበር። ጠብቀውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቅሎዎቼን ግን አልሸጥም» ብሎ ወደ ጋጣው ወጣ።

በማግሥቱ መካኒኮቹ መጡ። እንግዲህ ለምኜ እንቢ የተባልኩት ነገር ነው። ከሥሩ ተኝተው ብዙ አልቆዩም። የኋላው ፍሬን ከነጭራሹ የለም፣ የፊተኛው ካለቀ ቆይቷል። ሳጥኑን የተሸከመው ዋናው ብረት ተሰንጥቆ በብየዳ ተለጥፏል፤ በላዩ ላይ ያ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶበታል። ብረቱን ሁሉ የባሕር ጨው በልቶታል፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ የወጣ መኪና ነው አሉ። ጥቂት ቆይቶ ከደባርቅ የመጡ ሰዎች ደግሞ፣ ይህ ካሚዮን ደባርቅ ድረስ የመጣው በሌላ ካሚዮን ኋላ በገመድ ታስሮ እንደነበር ነገሩን። ዳኛው መሪውን የያዘው ከደባርቅ ወዲህ ነው፣ ጡሩንባ ለመንፋት።

በመሐረብ የተቋጠረው ገንዘብ ምጥዋ ላይ አልቋል፣ ጉምሩክ በልቶታል፣ ባለ መርከብ በልቶታል፤ የቀረውን ራሱ በልቶታል። ሞተሩን አንድ ባለ ወፍጮ ወሰደልን፣ ጎማዎቹም ተሸጡ፤ ከሰጠነው ሲሶውን እንኳ አልመለሱም። ክሰሰው አልኩት አለነን።

«አበልጅ ይከሰሳል?» አለኝ።

እንደገና! ከዚህ ሁሉ በኋላ! ራሴን ከግድግዳ ጋር ባጋጨው ይሻለኝ ነበር። ግን በቅሎዎቹ ጋጣ ውስጥ ገለባ እያመነዠኩ ነበር፣ ዳልቻም ነበረች። በሚቀጥለው ሳምንት አለነ ጭኖ ሳንጃ ወረደ። ፋንታሁን ደጃፉ ላይ አይቶት፣ ምንም ሳይለው ጠላ ቀድቶ ሰጠው አሉ። ማታ አብረው ሲስቁ አመሹ፤ በማን እንደሳቁ አልነገረኝም።

ሰዎቹ ሲመጡ የምነግራቸው ይህን ነው። ሻጩ የእናትህ ልጅ ቢሆን መካኒክ ጥራ፣ ዋስ ጥራ፣ ከሥሩ ተኛና እየው። እሱን ማለት ካፈርህ ደግሞ የሚወደውን ሰው አሳፍሮ ሊማሊሞን እንዲወርድ ጠይቀው። ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አላውቅም።

የማልነግራቸው አንድ ነገር አለ። ዳኛው የሄደ ዕለት ፒያሳ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሞ ልጁን አንድ ጊዜ አሳዩኝ ብሎ ሰው ላከ። እንቢ ልል ነበር። አለነ፣ የልጁ የክርስትና አባት ነው ውሰጂለት አለኝ። ወሰድኩለት። ካፖርቱን ገልጦ ደረቱ ውስጥ አስገባው፣ ግንባሩን ሳመው፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ያየናል። ከእጁ ልቀበለው ስዘረጋ ቶሎ አልለቀቀልኝም።

በየዓመቱ ለደብሩ ንግሥ ከአስመራ ይመጣል። አበልጅ ነው፣ አይከለከልም። የፍርንባውን ሥጋ እቆርጥለታለሁ፣ ይበላል፣ ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። አለነን ሊማሊሞ ላይ ገድሎ ልጁን አባት አልባ ሊያደርገው የነበረ ሰው ነው። ያ እንባ የውሸት ቢሆን እኔ እስካሁን ረስቼው ነበር። የእውነት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ እሱ ነው።